«ዘ ኮንቨርሴሽን»፦ ፊልሙን አይተው የጨረሱ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ይህን ፊልም ያየ ሰው ዝም ብሎ አይተኛም። ወይ ይደውላል፣ ወይ መልእክት ይልካል፣ ወይ አብሮት ካየው ሰው ጋር እስከ እኩለ ሌሊት ይከራከራል። እኔ ፊልሙን ከምወዳቸው ሰዎች ጋር ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ሁሌም የሚመጡብኝ ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው። ስለዚህ መልሶቼን አንድ ቦታ ሰበሰብኳቸው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፊልሙን ገና ያላያችሁ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጥያቄዎች አንብባችሁ እዚያው አቁሙ። ከዚያ በታች ያለው መጨረሻውን ይነግራችኋል፤ የዚህን ፊልም መጨረሻ ደግሞ ቀድሞ ማወቅ ያሳዝናል።

ፊልሙ ስለ ምንድነው?

ሃሪ ኮል የሰው ወሬ በድብቅ እየቀዳ የሚተዳደር ሰው ነው። ጆሮ ጠቢ የምንለው ዓይነት ነው፤ ግን ለከፈለው ሁሉ የሚሠራ ባለሙያ ጆሮ ጠቢ። በሳን ፍራንሲስኮ ዩኒየን ስኩዌር በሚባለው አደባባይ፣ በምሳ ሰዓት ግርግር መሃል፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት እየዞሩ ያወራሉ። ሃሪና ረዳቶቹ ወሬያቸውን ከሦስት አቅጣጫ ይቀዱታል። ከዚያ ሃሪ ቴፖቹን ወደ ሥራ ቦታው ይወስድና አንዱን ከሌላው እያጋጠመ ድምጹን ያጠራል። ሲያጠራው አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቅ ትላለች። ከዚያች ቀን በኋላ ሃሪ ሰላም የለውም።

ጽፎ ያዘጋጀው ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ነው፤ 1974። ሃሪን ሆኖ የሚጫወተው በ2025 ያረፈው ጂን ሃክማን ነው። ፊልሙ በዚያው ዓመት የካን ፌስቲቫልን ትልቁን ሽልማት ወሰደ። ለኦስካርም በሦስት ዘርፍ ታጨ። በምርጥ ፊልም ዘርፍ ያሸነፈው ግን የኮፖላ የራሱ ሌላ ፊልም፣ «ዘ ጎድፋዘር» ክፍል ሁለት ነበር።

ልብ አንጠልጣይ ከሆነ ለምን እንዲህ ቀስ ይላል?

ይህን የሚጠይቁኝ አብዛኛውን ጊዜ ግማሹ ላይ አቁመው የደወሉ ሰዎች ናቸው። እውነት ነው፣ ሩጫ የለውም። መኪና አይገለበጥም፣ ተኩስም የለም። ረጅም ጊዜ የምናየው አንድ ሰው ቴፕ ወደ ኋላ ሲመልስ፣ ሲያስኬድ፣ እንደገና ሲመልስ ነው።

ግን ልብ ብላችሁ እዩት። ቴፑ በተመለሰ ቁጥር እኛም ጆሯችንን እናቀናለን። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ከሃሪ እኩል ወደ ድምጹ ዘንበል ብለናል። ጭንቀቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። የሰው ምስጢር መስማት የለብንም፤ ግን መስማት እንፈልጋለን። ፊልሙ የሚይዘን በዚህ ፍላጎታችን ነው። ቀስ ባይል ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሠላሳ ደቂቃ ታገሡት። ስልካችሁንም አርቁት።

ታሪኩ የተወሰደው የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት ኒክሰንን ከሥልጣን ካወረደው የዋተርጌት ቅሌት ነው?

አይደለም። የሚያስደንቀውም ይኼው ነው።

ኮፖላ ሐሳቡን ያገኘው በ1960ዎቹ ውስጥ፣ ከዳይሬክተር ኧርቪን ከርሽነር ጋር ሲጨዋወት ነው። ከርሽነር በሰው ግርግር መሃል የሁለት ሰዎችን ድምጽ ለይተው ከሩቅ ስለሚይዙ ማይክሮፎኖች ነገረው። ኮፖላም ድርሰቱን ጽፎ ለዓመታት አስቀመጠው። ገንዘብና ስም ያገኘው በ«ዘ ጎድፋዘር» ነው፤ ቀረጻውም የተጀመረው በ1972 መጨረሻ ላይ ነው። ወደ ተቃዋሚው ፓርቲ ቢሮ የገቡት የዋተርጌት ሰርጎ ገቦች የተያዙት በዚያው ዓመት ሰኔ ነበር። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በገዛ ቢሯቸው የሚነገረውን ሁሉ በድብቅ ይቀዱ እንደነበር ሕዝብ ያወቀው ግን በ1973 ሐምሌ፣ ቀረጻው ካለቀ በኋላ ነው።

ፊልሙ ሲኒማ ቤት የገባው በ1974 ሚያዝያ ነው። በነሐሴ ኒክሰን ሥልጣን ለቀቁ። አስቡት እንግዲህ፤ አገሩ በሙሉ ጠዋት ማታ ስለ ቴፕ ያወራል። ምን ተባለ፣ ማን ሰማ፣ የትኛው ክፍል ጠፋ። ተመልካቹ በዚህ ጆሮው ነው ሲኒማ ቤት የገባው። ያኔ የወጡት የሴራ ፊልሞች ብዙ ናቸው። ከኋላቸው የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ግድያ አለ፣ ቬትናም አለ፣ ዋተርጌት አለ። ሰው መንግሥቱን ማመን አቅቶት ነበር። «ዘ ኮንቨርሴሽን»ን የሚለየው ከሴረኞቹ ይልቅ ሰሚውን መመልከቱ ነው።

«እድሉን ቢያገኝ ይገድለናል» የምትለዋ ነገር ትርጉሟ እንዴት ተቀየረ?

የፊልሙ ልብ ይህች ናት፤ ረጋ ብዬ ልመልስ።

መጀመሪያ ላይ ዓረፍተ ነገሯ ጭራሽ አትሰማም። አደባባዩ ላይ የሚመታ ከበሮ ሸፍኗታል። ሃሪ በገዛ እጁ የሠራውን መሣሪያ ያገናኛል። ማስተካከያውን ቀስ እያለ ያዞራል። ከበሮው ይርቃል። የወጣቱ ድምጽ ይጠራል። «እድሉን ቢያገኝ ይገድለናል» ይላል። ድምጹ ጠንከር የሚለው መግደል የሚለው ላይ ነው። ሃሪ የሰማው ፍርሃት ነው። እኛም የሰማነው ፍርሃት ነው። ሁለት ፍቅረኛሞች አሉ፤ ከበላያቸው ደግሞ ሊያጠፋቸው የሚችል ኃይለኛ ሰው አለ፤ ቅጂውን ያዘዘው የሴትየዋ ባል።

ለምን እንዲህ ሰማን? ከዚያ በፊት የሆነውን አስታውሱ። ሴትየዋ አግዳሚ ላይ የተኛ ጎስቋላ ሽማግሌ አይታ አንጀቷን በልቷታል። እሱም አንድ ጊዜ የእናቱ ሕፃን ነበር ብላ ታዝናለች። እንዲህ ያለች ሴት ክፉ ልትሆን አትችልም ብለን ወስነናል። ማንም አላስገደደንም፤ ራሳችን ነን የወሰንነው።

መጨረሻ ላይ ያቺው ዓረፍተ ነገር ትመለሳለች። ቃላቱ አንድ ናቸው። ጉልበቱ ግን መግደል ከሚለው ወደ «እኛን» ዞሯል። እሱ እድሉን ቢያገኝ እኮ እኛን ይገድለናል፤ እንግዲያው እንቅደመው እንደማለት ነው። ፈርተው የመሰሉን ሰዎች ሲያሴሩ ነበር። የሞተው ያስፈራን ሰውዬ ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። «ይመታል» ብለን ስንጽፍ መቺው ነው ወይስ ተመቺው? ወረቀቱ አይነግረንም። ላልቶ ሲነበብ ይደበድባል፤ ጠብቆ ሲነበብ ይደበደባል። በፊደል መጥበቅና መላላት ብቻ አጥቂው ተጠቂ ይሆናል። ሃሪ በወረቀት ላይ ቢጽፋት ኖሮ ምንም ስህተት የላትም። የሳተው አነባበቧን ነው።

አንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ለማትሰማ አክስቴ ብዬ ዋና ዋናዎቹን ንግግሮች ወደ አማርኛ ልመልስ ተቀመጥኩ። እዚህች ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። «ይገድለናል» በሚለው ቃላችን ውስጥ ገዳዩም ተገዳዩም ተጠቅልለው ገብተዋል። «እኛን» ብዬ ለብቻ ካወጣሁት ምስጢሩ ከመጀመሪያው ይፈሳል። ካላወጣሁት ደግሞ አክስቴ መጨረሻ ላይ ምን እንደተለወጠ አይገባትም። ብዙ ከተጨነቅኩ በኋላ ከላይ ያሉትን ሁሉ «ይገድለናል» ብዬ ትቼ፣ የመጨረሻዋ ላይ ብቻ «እኛን» ጨመርኩ። አክስቴ እዚያ ስትደርስ ነጠላዋን ወደ አፏ ወስዳ «ውይ! እነሱ ናቸው ለካ!» አለች። ትክክለኛውን ሰዓት ጠብቃ።

ታዲያ ቅጂው አንድ ነው ወይስ ሁለት? ሁለት ከሆነ ዳይሬክተሩ አታለለን ማለት አይደለም?

ሁለት ነው። ኮፖላ ወደ ሌላው ፊልሙ ሲሄድ አርትዖቱንና ድምጹን የጨረሰው ዋልተር መርች ነው። ወጣቱን ሆኖ የሚጫወተው ፍሬደሪክ ፎረስት ዓረፍተ ነገሯን በሌላ ቅጂ ላይ ኃይሉን «እኛን» ላይ ጥሎ ተናግሯት ነበር። ያ ቅጂ እንደ ስህተት ወደ ጎን ተቀምጧል። በኋላ መርች አነሳውና መጨረሻው ላይ አስገባው።

ይህን ሲሰሙ የሚናደዱ ተመልካቾች አሉ። ማስረጃው ከተቀየረ እኛ በምን እናውቃለን ይላሉ። ጓደኛዬ እስከ ዛሬ ይህን ይዞ ይሟገተኛል፤ ክርክሩንም አከብርለታለሁ። የኔ መልስ ይህ ነው። በፊልሙ ውስጥ ቴፑን አንድ ጊዜም ያለ ሃሪ አልሰማነውም። ከመጀመሪያው ጀምሮ የምንሰማው በሱ ጆሮ ነው። ሲራራላቸው የሚራራ ድምጽ ሰማን። እውነቱ ሲገባው ሌላ ድምጽ ሰማን። ቴፑ ያው ነው፤ የተለወጠው ሰሚው ነው። መርች ይህን በቃል ሳያስረዳ በድምጽ አሳየን። እኔ በሲኒማ ከሰማኋቸው ነገሮች ሁሉ እንደዚህ ያስደነገጠኝ የለም።

ሆቴሉ ውስጥ ያየነው በእርግጥ የሆነ ነው?

በከፊል። ሃሪ በቴፑ ላይ ከተጠቀሰው የሆቴል ክፍል ጎን ያለውን ክፍል ይከራይና በግድግዳ በኩል ያዳምጣል። ጩኸት ይሰማል። ከዚያ የሚያደርገውን ታስታውሳላችሁ፤ ቴሌቪዥን ከፍቶ አልጋ ውስጥ ይደበቃል። የሕይወቱ ሙያ መስማት የሆነ ሰው፣ መስማት ባስፈለገበት ሰዓት ጆሮውን ይሸፍናል። ቀደም ሲል ኒው ዮርክ ላይ በሠራው ሥራ ምክንያት ሦስት ሰዎች ተገድለው ነበር። ያ ጸጸት ነው አልጋው ውስጥ የከተተው።

በኋላ ወደዚያኛው ክፍል ሲገባ ሁሉም ንጹሕ ነው። የመጸዳጃ ቤቱን ውሃ ሲለቅ ግን ደም እየገነፈለ ወደ ላይ ይመጣል። ይህን አንዳንዱ ሕልም ነው ይላል። ለኔ ግድያው እውነት ነው፤ ምክንያቱም ሰውዬው ሞቷል፤ ለዓለም የተነገረው ግን በመኪና አደጋ ነው ተብሎ ነው። የግድያው ምስሎች ግን ሃሪ በሐሳቡ የሚስላቸው ናቸው። ክፍሉ ውስጥ አልነበረማ።

ማይክሮፎኑ የት ነው የተደበቀው?

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይህ ነው።

ሃሪ ቤት ስልክ ይደወላል። ማወቅህን አውቀናል፣ እናዳምጥሃለን ይሉታል። ከዚያ እሱ ራሱ አሁን ሲጫወት የነበረውን ሳክስፎን ቀድተው ያሰሙታል። ሃሪ ቤቱን መበርበር ይጀምራል። መጀመሪያ በሥርዓት ነው፤ መጋረጃ፣ ስልክ፣ አምፖል። የእመቤታችን የማርያም ትንሽ ሐውልት ጋ ሲደርስ እጁ ይያዛል። ሃሪ ካቶሊክ ነው፤ ኃጢአቱን ለቄስ ሲናዘዝ አይተነዋል። ያልፋታል። ተመልሶ ይመጣል። ይሰብራታል። ውስጧ ባዶ ነው። ከዚያ በኋላ የወለሉን እንጨት ሳይቀር ይነቅላል። ምንም የለም። የፈራረሰው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሳክስፎኑን ይነፋል፤ ካሜራው ከላይ ሆኖ እንደ ጥበቃ ካሜራ ግራና ቀኝ ይዞራል።

ተመልካቾች ያልፈተሹት ቦታ የለም። ሳክስፎኑ ውስጥ ነው የሚለው ወገን ብዙ ደጋፊ አለው፤ እሱን ብቻ ነው ያልሰበረው ይላሉ። የመሣሪያው ማንገቻ ላይ ነው የሚሉም አሉ። ማይክሮፎን ጭራሽ የለም የሚሉም አሉ።

ፊልሙ አይመልስም። እኔም ድሮ ምስሉን እያቆምኩ፣ ማዕዘን ማዕዘኑን እያጎላሁ ፈልጌዋለሁ። ሌሊቱን ሙሉ። አንድ ሰዓት ላይ ግን ምን እያደረግኩ እንደሆነ ገባኝ። ሃሪ እንዳደረገው እያደረግኩ ነበር። አንድ ሰው ቤቱን ሲያፈርስ እያየሁ፣ ሰውዬውን ትቼ ግድግዳውን እያየሁ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያቺን ትዕይንት ሳያት የሃክማንን ፊት ነው የማየው። እባካችሁ አንድ ጊዜ እንዲሁ እዩት።

ሃሪ ታሟል ወይስ በእርግጥ ይከታተሉታል?

ሁለቱም። ጥርጣሬው በሽታ ሆኖበታል፤ የሚጠረጥረው ነገርም አለ።

መጀመሪያ አካባቢ ያለችውን ትንሽ ትዕይንት አስታውሱ። ሃሪ ቤቱ ይደርሳል። በሩ ላይ ቁልፍ በቁልፍ ነው፤ ማንቂያ ደወልም አለ። ሁሉንም ከፍቶ ሲገባ ወለሉ ላይ የወይን ጠርሙስ ተቀምጦ ያገኛል። የልደቱ ቀን ነው። አከራዩ ናቸው ያስቀመጡለት። ሃሪ አመሰግናለሁ ከማለት ይልቅ ደውሎ እንዴት ገቡ፣ ቁልፉን ከየት አመጡ እያለ ይጠይቃቸዋል። ደስ ሊያሰኘው የመጣ ሰው እንኳ ለሱ ሰርጎ ገብ ነው። የሚወዳት ሴት ስለ ሕይወቱ ስትጠይቀው ጥሏት ይወጣል። ግድግዳም ጆሮ አለው የሚለውን አባባል የኖረው ሰው እሱ ነው፤ ጆሮውን ግድግዳ ላይ የሚያደርገው ራሱ ስለሆነ ያውቃል። ሌላው ሁሉ የሱን ሥራ የሚሠራ ይመስለዋል።

ካየሁት ጀምሮ የስልኬን ካሜራ እየሸፈንኩ ነው። ጤነኛ ነኝ?

ጤነኛ ነህ፤ ጤነኛ ነሽ። የብዙ ሰው ስሜት ነው። እኔም የመጀመሪያውን ሳምንት ስልኬን ሌላ ክፍል ትቼ ነበር የማወራው። በ1974 አንድን ወሬ ለመቅዳት ሦስት ሰውና ብዙ መሣሪያ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ማይክሮፎኑን ራሳችን ገዝተን በኪሳችን ይዘን እንዞራለን። ፊልሙ ያላረጀው ለዚህ ነው።

ለስልኩ የሚደረገው ቀላል ነው። ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ የትኛው መተግበሪያ ማይክሮፎን እንዲጠቀም ፈቃድ እንዳለው እዩ። የማያስፈልገውን ዝጉ። ይህ ጥንቃቄ ነው። የጓደኛችሁን አነጋገር መበተን፣ ለምን እንዲህ አለ፣ ምን ማለቱ ነው እያሉ ማደር ከጀመራችሁ ግን ሃሪ የገባበት ውስጥ እየገባችሁ ነውና ሰው አማክሩ። በተለይ እንቅልፍ የሚነሳ ከሆነ ባለሙያ ማየት አያሳፍርም።

እንዲህ ያሉ ፊልሞች ሰውን ሴራ አማኝ አያደርጉም?

ይህን የሚጠይቁ ወላጆች አሉ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ፊልም ሰውን እንደሚነካ የታወቀ ነው። ጥሩ ምሳሌው በ1991 የወጣው፣ ኦሊቨር ስቶን ስለ ኬኔዲ ግድያ የሠራው «ጄኤፍኬ» ነው። ፊሊፕ ዚምባርዶ ያሉባቸው የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ፊልሙን ሊያዩ የሚገቡ ሰዎችንና አይተው የወጡትን ጠይቀው አነጻጸሩ። አይተው የወጡት ይበልጥ ተቆጥተው ነበር፤ ሴራውንም ይበልጥ ወደ ማመን አዘንብለዋል። እኔን ያሳሰበኝ ሌላው ነው፤ የመምረጥ ፍላጎታቸው ቀንሶ ነበር። ምን ዋጋ አለው የሚል ስሜት ይዘው ነው የወጡት።

ግን ሌላም ነገር አደረገ። ሕዝቡ ሰነዶቹ ይከፈቱ ብሎ ጮኸ፤ በ1992 የአሜሪካ ምክር ቤት የግድያው ሰነዶች እንዲሰበሰቡና ለሕዝብ እንዲከፈቱ ሕግ አወጣ። አንድ ፊልም ሰውን ተስፋም አስቆረጠ፣ መዝገብም አስከፈተ።

«ዘ ኮንቨርሴሽን» ግን ከዚያ ወገን አይደለም። ማን ምን እንዳሴረ አውቃለሁ አይልም። እርግጠኛ የሆነውን ሰው ወስዶ እርግጠኝነቱ የት እንዳደረሰው ያሳያል። ቴፑ የጠራ ነበር፣ ማስረጃው ትክክል ነበር፣ መደምደሚያው ተሳሳተ። ለልጄ የሴራ ፊልም ላሳይ ብላችሁ የምትጨነቁ ከሆነ ለዐዋቂ የሚሆን መሆኑን አስባችሁ፣ ዕድሜው ሲደርስ ከሁሉ በፊት ይህን አሳዩት። አብራችሁም ቁጭ በሉ።

በምን ልየው? ሁለተኛ ጊዜስ ማየት ዋጋ አለው?

በጆሮ ማዳመጫ እዩት። በላፕቶፕ ድምጽ ማጉያ ካያችሁት ግማሹን አላያችሁትም። የዴቪድ ሻየር ብቸኛ ፒያኖ፣ የቴፑ መንሿሿት፣ መጀመሪያ ላይ ከየት እንደመጣ የማይታወቀው የኤሌክትሪክ ጩኸት፣ ሁሉም ጆሮ አጠገብ መሆን አለባቸው።

ሁለተኛ ጊዜ ማየት ደግሞ ግዴታ ነው እላለሁ። ስታዩት የመጀመሪያውን ትዕይንት አትለፉት። ካሜራው ከሰማይ ላይ ሆኖ ወደ አደባባዩ ቀስ እያለ ይወርዳል። ሰዎቹ ጉንዳን ያክላሉ። አንድ ድምጽ አልባ ቀልደኛ የሰዉን አካሄድ እያስመሰለ ሰዎችን ይከተላል። ከሰዉ ሁሉ መርጦ አንድ ግራጫ የዝናብ ካፖርት የለበሰ፣ ቡና የያዘ ሰውዬ ላይ ይጣበቃል። ሰውዬው ይሸሻል፤ ቀልደኛው ይከተለዋል። ሰውዬው ሃሪ ነው።